ጡት እንዴት ይሠራል? አዲስ የተወለደ ልጅ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ ይጥባ?

ነገ ማለዳ ላም ስትታለብ ቆመሽ ተመልከቺ። ማንኩሳም ይሁን ደምበጫ፣ ሽንዲም ይሁን ቋሪት፣ የሀበሻ ላም ያለችበት ቤት ሁሉ ሥራው አንድ ነው። አላቢው ማለቢያውን ይዞ በቀጥታ ጡቷን አይነካም። መጀመሪያ ጥጃው ይፈታል። ጥጃው ተንደርድሮ መጥቶ ጡቱን ይጎርሳል፣ በግንባሩ ጎሸም ጎሸም ያደርጋል፣ ጥቂት ይጠባል። ከዚያ ይያዝና እናቱ ፊት ይታሰራል፤ እሷ እየላሰችው ወተቷ ይታለባል።

ጥጃውን ከልክለሽ ለማለብ ሞክሪ። ጡቷ የቱንም ያህል ቢወጠር ከጥቂት ጠብታ በላይ አታገኚም። «ወተቷን ያዘች» እንላለን። ወተቱ አለ፤ እንዲወርድ የሚያደርገው ግን ጥጃው ነው።

አዲስ የወለደች እናት ሁሉ የምትጠይቀው «በቀን ስንት ጊዜ ላጥባው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚሁ በረት ይጀምራል። ቁጥሩን አሁኑኑ ልንገርሽ፦ ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ ልጁ ከፈለገ ደግሞ ከዚያም በላይ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤትሽ ስትመጣ የምትነግርሽም ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ይዘሽ ብትቀሪ ግን አማትሽ «አሁን ጠብቶ የለም እንዴ!» ያሉ ዕለት ግራ ይገባሻል። ስለዚህ ምክንያቱን አብረን እንየው።

ልጁ የጡትሽን ጫፍ ዙሪያውን ካለው ጥቁር ክብ ጋር ጎርሶ ሲስብ፣ እዚያ ያሉት ነርቮች ለአንጎልሽ መልእክት ይልካሉ። አንጎልሽም ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደምሽ ይለቃል። አንዱ ፕሮላክቲን ይባላል፤ ወተት የሚያስመርተው እሱ ነው። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው፤ የተመረተውን ወተት ገፍቶ ያወርደዋል።

ኦክሲቶሲንን ሳታውቂው አትቀሪም። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወልደሽ ከሆነ፣ ልጁ እንደተወለደ ጭንሽ ላይ የተወጋሽው መርፌ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ማሕፀንሽ ቶሎ እንዲኮማተርና ደም እንዳይበዛ ይሰጣል። ልጁ ጡት ሲይዝ ያው ነገር ከራስሽ አንጎል ይመነጫል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባጠባሽ ቁጥር ሆድሽን ቁርጥ ቁርጥ የሚያደርግሽም ለዚህ ነው። ቁርጠቱ ማሕፀንሽ ወደ ቦታው እየተመለሰ መሆኑን ይነግርሻል እንጂ በሽታ አይደለም።

ቀጥሎ ስታጠቢው አንድ ነገር ሞክሪ። ቤቱ ጸጥ ይበልና አገጩን ተመልከቺ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ አጠር አጠር አድርጎ ይስባል፤ ሲውጥ አይሰማም። ወተቱን እየጠራ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አሳሳቡ ይለወጣል፤ ዘለግ ይላል፣ አገጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉሮሮው ሲውጥ ይሰማሻል። ወተቱ ወረደ ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት ሌላኛው ጡትሽ ጠብ ጠብ ቢል አይግረምሽ፤ ሆርሞኑ በደም ስለሚሄድ ለሁለቱም ጡቶች እኩል ይደርሳል።

ላሟ ጥጃዋን ስታይና ስታሸት ወተቷ እንደሚወርድ፣ አንቺም ጓዳ ሆነሽ ልጁ ሲያለቅስ ብትሰሚ ቀሚስሽ ሊርስ ይችላል። የጎረቤት ልጅ ለቅሶ እንኳ ያርሰዋል። ድንጋጤ፣ ሕመምና ጭንቀት ግን ወተቱ እንዳይወርድ ይይዙታል። አራስ ቤት ገብቶ «ልጁ ምነው ከሳ? ጡትሽ ባዶ ነው መሰለኝ» የሚል ጠያቂ፣ ሳያውቀው ያንን ወተት እየያዘ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ገንፎውን አብልቶ በጊዜ መሸኘት ይሻላል።

አሁን ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ አምጪና ውሃ ሙዪበት። 5 ሚሊ ሊትር ነው። ልጅ በተወለደበት ዕለት በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከግማሽ ማንኪያ እስከ ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው። ሆዱ ትንሽ ናት፤ አንቺ ያለሽ እንገርም ለእሷ በልክ የመጣ ነው። «ጡቴ ገና ወተት አልያዘም» ብለሽ የምትጨነቂባቸው ሁለት ሦስት ቀናት እነዚህ ናቸው። ወተቱ ይዟል፤ በማንኪያ የሚሰፈር ስለሆነ ነው ያልታየሽ።

በአራተኛው ቀን ግድም ጡትሽ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ልጁም በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ማንኪያ መውሰድ ይጀምራል። ወር ሲሞላው በቀን የሚጠባው ሲደመር የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሦስት ሩቡን ያህል ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያገኘው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ነው።

ለምን በትልቅ በትልቁ ጠጥቶ አይተኛም? ወተቱን ራሱን ተመልከቺ። የላም ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከሰው ወተት ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ጥጃ በጥቂት ወራት ውስጥ ሜዳ ለሜዳ መሮጥና መግዘፍ አለበትና። ጥንቸል ደግሞ ልጆቿን ጉድጓድ ውስጥ ትታ ትሄድና በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ፣ ተመልሳ ታጠባለች። ወተቷ በስብና በፕሮቲን እጅግ የወፈረ ስለሆነ እስከ ማግሥቱ ያቆያቸዋል።

የሰው ወተት በፕሮቲን ከእነዚህ ሁሉ ቀጭን ነው። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ከጨጓራ ወርዶ ያልቃል። እንዲህ ያለ ወተት የሚሠራው ከእናቱ ጉያ ለማይለይ፣ ቶሎ ቶሎ ለሚጠባ ልጅ ነው። ጠብቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ቢርበው ወተትሽ ስለረከሰ አይደለም። ወተቱ እንደ ተፈጥሮው ሥራውን ጨርሷል።

በደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ የሚኖሩትን የኩንግ ሕዝብ እናቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1980 ባወጡት ጽሑፍ፣ እነዚያ እናቶች ልጃቸውን ቀኑን ሙሉ በጎናቸው ይዘው በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ ለአጭር ለአጭር ጊዜ እንደሚያጠቡ አሳይተዋል። በፈረንጆች 2006 የታተመ፣ አውስትራሊያ ውስጥ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ጤናማ ሆነው የሚያድጉ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያሉ ሕፃናትን ሲቆጥር፣ አንዱ በቀን 6 ጊዜ፣ ሌላው 18 ጊዜ ሲጠባ አግኝቷል። ሁሉም ደህና ነበሩ። ወር ካለፋቸው በኋላ የእህትሽ ልጅ 7 ጊዜ ጠብቶ ቢውል ያንቺው 13 ጊዜ ቢጠባ ከሁለቱ ማናቸውም ላይ ነቀፋ የለም።

አሁን ከሁሉ የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ጡት ስንት ወተት ማምረት እንዳለበት እንዴት ያውቃል?

ሁለት መንገድ አለው። አንዱን አይተናል፤ ልጁ በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን ከፍ ይላል። ከፍ የሚለው መጥባት ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ ልጁ አሁን የሚጠባው ቀድሞ የተዘጋጀለትን ነው፤ ለሚቀጥለው ደግሞ እግረ መንገዱን ያዛል።

ሁለተኛው መንገድ እዚያው ጡት ውስጥ ነው። ወተት ሳይወጣ ሲቆይ ወተቱ ራሱ ምርቱን ያዘገየዋል። ሲወጣ ምርቱ ይፈጥናል። በጣም የሚያስደንቀው ደግሞ እያንዳንዱ ጡት ለብቻው መቁጠሩ ነው። በአንድ ጡቷ ብቻ ልጅ ያሳደገች ሴት በየመንደሩ አለች፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ለልጁ የሚበቃውን ሁሉ እያመረተ ይቀጥላል። ደሙ አንድ፣ ሴትዮዋ አንድ፣ ጡቶቹ ግን እንደታዘዙት ይለያያሉ።

ይህን በጣትሽ ማየት ትችያለሽ። ከማጥባትሽ በፊት ሁለቱን ጡቶች በስሱ ጫን ጫን አድርጊያቸው። አንዱን አጥብተሽ እንደጨረስሽ መልሰሽ ንኪ። የጠባው ለስልሷል፣ ሌላው እንደተወጠረ ነው። የለሰለሰው በዚያች ሰዓት ከተወጠረው ፈጥኖ እየሠራ ነው። «ጡቴ ባዶ ሆነ፣ እስኪሞላ ልጠብቅ» ማለት ሥራውን እያዘገዩ መጠበቅ ነው። ጡት ደግሞ ጨርሶ ባዶ አይሆንም፤ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚወስደው በአማካይ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው።

አንድ ሙከራ ልጨምርልሽ፤ ሁለት ንጹሕ የሻይ ብርጭቆ ይበቃሻል። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ከማጥባትሽ በፊት ጥቂት እለቢና በአንዱ፣ አጥብተሽ ስትጨርሺ ከዚያው ጡት ጥቂት እለቢና በሌላው አስቀምጪ። ወደ ብርሃን ይዘሽ አስተያዪያቸው። የፊተኛው ቀጠን፣ ሰማያዊ ነገር ይላል፤ የኋለኛው ነጣ፣ ወፈር ያለ ነው። ስቡ እየበዛ የሚሄደው ጡቱ እየለሰለሰ ሲመጣ ነው። ስለዚህ አንዱን ጡት ራሱ እስኪለቅ ተዪለት፣ ከዚያ ሁለተኛውን ስጪው። ግማሽ ላይ ነጥቀሽ ብታዘዋውሪው ቅቤ ያለበትን ክፍል ታስቀሪበታለሽ።

ሰዓት ቆጥሮ ማጥባትን የሰበከ ሰው ነበር። ኒውዚላንድ ውስጥ ትሩቢ ኪንግ የሚባል ሐኪም በሚመራው ሆስፒታል እርሻ ላይ ጥጆች በባልዲ እንዴት ቢመገቡ እንደሚያድጉ ሲያጠና ቆይቶ፣ ትኩረቱን ወደ ሰው ልጆች አዞረ። በ1907 በፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው ማኅበሩ በየአራት ሰዓቱ አጥቡ፣ ሌሊት አታጥቡ እያለ አስተማረ፤ ትምህርቱም እንግሊዝ ድረስ ተስፋፋ። ሰውዬው ለሕፃናት ንጽሕና ብዙ ደክሟል፤ በዚህ ነገር ግን ተሳስቷል። በባልዲ የቀረበ ወተት አራት ሰዓት ቢቆይ አይቀንስም። ጡት ውስጥ አራት ሰዓት በየጊዜው እየቆየ የሚሄድ ወተት ግን «አትሥራ» የሚል ትእዛዝ ነው።

እኛ ዘንድ ሰዓት የሚቆጥር ብዙ ሰው የለም። እኛን የሚጎዳን ሌላ ነው። ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር የሆነበትን ቤት የማያውቅ የቡሬ ወይም የጃቢ ጠህናን ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጁ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሲመሽ ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ያለቅሳል። ቤተ ሰቡ ይሰበሰባል። «ወተቷ አልበቃውም» ይባላል። የላም ወተት በውሃ አቅጥነው በጡጦ ይሰጡታል። ልጁ ጠጥቶ ለረጅም ሰዓት ይተኛል። «አያችሁ! ርቦት ነበር» ይባላል።

የተኛው ግን የላም ወተት ለጨጓራው ስለሚከብደው ነው። እሱ ሲተኛ ሁለት ጊዜ መጥባት ቀረ። ሁለት ትእዛዝ ለጡቱ ሳይደርስ ቀረ። በማግሥቱ ወተቱ በጥቂቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ጡጦው ይደገማል፣ ይሠለሳል። ወር ሳይሞላ «ወተቴ ደረቀ» ትላለች እናቲቱ፣ እውነቷን ነው፣ ደርቋል። ያደረቀው ግን ጡጦው ነው። በዚያ ላይ የጡጦው ንጽሕና አስቸጋሪ ስለሆነ ተቅማጥ ይከተላል።

መመለሻው መንገድ ያው መሄጃው ነው። ለሁለት ለሦስት ቀን ልጁን ከጉያሽ ሳታርቂ፣ በየሰዓቱም ቢሆን በጠየቀ ቁጥር አጥቢው። ወተቱ ተከትሎ ይጨምራል። በምሽት እየደጋገመ መጥባቱ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው፤ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ከጡት አልላቀቅ የሚል ልጅ ሞልቷል። እኔ እንዲያውም ይህን ሰዓት ለአራሷ ሌላ ሥራ የማይሰጥበት ሰዓት ባደርገው ደስ ይለኛል፤ ራቱን ሌላ ሰው ይሥራ።

ሌሊቱንም አትቁረጪበት። ፕሮላክቲን ከፍ የሚለው ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የጠባው ልጅ ለነገ ቀኑ አብዝቶ ያዛል። ሆርሞኑ እናትየዋንም እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚያሰኛት፣ አጥብታ ቶሎ መልሳ ትተኛለች።

ወደ መጀመሪያዋ ሰዓት ልመለስ። ልጁ እንደተወለደ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላው፣ ገላው ገላሽ ላይ ተደርጎ ጡት ይያዝ። ያኔ ንቁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሕፃናት ለረጅም ሰዓት ያንቀላፋሉ። የሚያገኘው እንገር ቢጫና ወፍራም ነው፤ በሽታ ተከላካይ ነገሮች የሞሉበት ነው። ገበሬ ቤት ጥጃ እንገር ካጣ እንደማይጠናና ብዙውን ጊዜ እንደሚሞት ይታወቃል። ለጥጃው የምንጨነቅለትን እንገር ለልጅ ሲሆን «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት አሁንም በአንዳንድ ቤት አልቀረም። ይህ ልብ ይሰብራል።

ቅቤ ማላስም፣ ስኳር በውሃ መስጠትም፣ አብሽ ማቅመስም እዚያው ላይ ነው የሚመጣው። ቅቤው የሚሰጠው በፍቅር ነው፤ አንጀቱ ይለስልስ ተብሎ። ነገር ግን ለሁለት ማንኪያ ሆድ አንዲት ቁራጭ ቅቤ ሙሉ ምሳ ናት። ልጁ አይጠባም፤ ጡቱም አይታዘዝም። እማማ፣ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉላት፤ በወተቷ በኩል ለልጁም ይደርሰዋል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይዘዋል። ከስድስት ወር በታች ካሉት ውስጥ ግን ሌላ ምንም ሳይጨመርላቸው ጡት ብቻ የሚጠቡት 58ቱ ነበሩ። አጀማመራችን ጥሩ ሆኖ መንገድ ላይ ነው የምንላላው። ውሃ እንኳ አያስፈልገውም፤ ከ100 እጅ የጡት ወተት 88 እጁ ያህል ውሃ ነው። በብር ሸለቆ ሙቀትም ቢሆን ልጁ ሲጠማው የሚፈልገው ጡት ነው።

መራቡን እንዴት ታውቂያለሽ? ለቅሶ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምልክት ነው። ልጁ በግማሽ እንቅልፍ ሳለ በጣትሽ ጉንጩን በስሱ ንኪው። ርቦት ከሆነ ፊቱን ወደ ነካሽው ጎን አዙሮ አፉን ይከፍታል። ራሱን ወዲያ ወዲህ ማድረግ፣ እጁን ወደ አፉ መውሰድ፣ ከንፈሩን መምጠጥ፣ ምላሱን ማውጣት፣ ሁሉም «አምጪ» ማለቱ ነው። ያኔ ብትሰጪው ተረጋግቶ ይጎርሳል። እስኪጮህ ከጠበቅሽ ተናዶ ጡቱን በወጉ አይዝም፤ ጫፉን ብቻ ነክሶ ያቆስልሻል።

አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ዝም ባይ ነው፤ በተለይ ክብደቱ ዝቅ ብሎ የተወለደ። ሲተኛ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው!» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስት ሰዓት ካለፈው ቀስቅሰሽ አጥቢው። ልብሱን ገለጥ፣ እግሩን ኮርኮር አድርጊው፣ ገላው ገላሽን ይንካ። ገበያ ስትሄጂም ይህን አስቢ። አንቀልባ ውስጥ ሙቀቱና ውዝዋዜው ያስተኛዋል፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ ደርሰሽ እስክትመለሺ ሳይጠባ ሊውል ይችላል። መንገድ ላይ ጥላ ፈልጊ፣ ነጠላሽን ጣል አድርጊና አውርደሽ አጥቢው።

«ጠገበ ወይ?» የሚለውን ደግሞ መቁጠሪያ አለልሽ። አልጋሽ አጠገብ ሁለት ሳህን አስቀምጪ። ባጠባሽ ቁጥር በአንደኛው አንድ ባቄላ፣ ሽንቱን በሸና ቁጥር በሌላው አንድ ሽምብራ ጨምሪ። ከማታ እስከ ማታ አድርጊውና ቁጠሪ። ባቄላው ከ8 ካነሰ ጨምረሽ አጥቢ። ሽምብራው በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት እያለ ይሄድና ከአምስተኛ ስድስተኛው ቀን ወዲህ 6 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ጨርቁ መርጠቡን ካልለየሽ፣ ደረቅ ጨርቅ አጣጥፈሽ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፍስሺበትና በእጅሽ መዝኚው፤ የሸና ጨርቅ ያንን ያህል ይከብዳል።

ሰገራውም ይነግርሻል። መጀመሪያ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፣ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ በአምስተኛው ቀን ግድም ቢጫ ይሆናል። ክብደቱ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል።

ሽንቱ ከቀነሰ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ አልነቃ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ቢጫነቱ መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ ከወረደ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እንጥል ቆራጭ ዘንድ አትውሰጂው፤ ጉሮሮው የቆሰለ ልጅ ጭራሽ አይጠባም።

አገራችን የበርበሬ አገር ስለሆነ ይህንንም ላንሳ። በርበሬ በሚለቀምበትና በሚቀነጠስበት ወራት እናት እጇ እያቃጠላት ልጅ ታጠባለች። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ አይሟሟም፤ ስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። ስለዚህ ዘይት ጠብ አድርገሽ እጅሽን በደንብ እሺ፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ፣ ቀሚስሽን ቀይሪ፣ ከዚያ ልጁን እቀፊ። በውሃ ብቻ ታጥበሽ ጡትሽን ብትነኪ ልጁ ያለቅሳል፣ ጡት ጠላ ተብሎም ይወራል።

ቡሬ ፋብሪካ ውስጥ ወይም የግል ድርጅት ቢሮ የምትሠሪ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከወለድሽ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጥሻል። ልጁ ጡት ብቻ የሚጠባበትን ስድስት ወር ለመሙላት ሌላ ሦስት ወር ይቀራል። ሥራ ስትገቢ ልጁ ይጠባ በነበረበት ሰዓት በእጅሽ እለቢ፤ ጡቱ ትእዛዝ እንዳይቀርበት። የታለበው ወተት በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በጡጦ ሳይሆን በሲኒና በማንኪያ ይሰጠው። ማታና ሌሊት ደግሞ ከጡትሽ እንደልቡ ይጥባ፤ ብዙ ልጆች ቀን ያጡትን ሌሊት ያካክሳሉ።

አንቺም ብዪ። የምታጠባ ሴት ከወትሮዋ ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋታል። አባወራ፣ ልጁን ማጥባት ባትችልም፣ እሷ ለማጥባት በተቀመጠች ቁጥር ውሃ አቅርብላት፤ ወተቱ ውስጥ ድርሻ ይኖርሃል።

የመጨረሻው ነገር ብዙዎች የማያውቁት ነው። ልጁ አዘውትሮ ሲጠባ ወደ አንጎልሽ የሚሄደው መልእክት እንቁላል መውጣቱንም ያዘገያል፤ አያቶቻችን በሚያጠቡበት ወራት ቶሎ የማይፀንሱት ለዚህ ነበር። በወጉ ከተሠራበት ከ100 ሴቶች 98ቱን ከእርግዝና ይጠብቃል። ሦስት ነገር ግን አብሮ መሟላት አለበት፦ ልጁ ስድስት ወር አልሞላውም፣ የወር አበባሽ አልተመለሰም፣ ልጁም ጡት ብቻ እየጠባ ነው፤ ቀን ከአራት ሰዓት፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት በላይ ሳይጠባ አይቆይም። ከሦስቱ አንዱ በጎደለ ቀን፣ ሳትዘገዪ ጤና ኬላ ሄደሽ ጡት ለምታጠባ ሴት የሚሆን ሌላ መከላከያ ጠይቂ።